መድኃኒት ያልነካቸው

አክስቴ የሟች እናቴን መድኃኒት ለሦስት ስታካፍል ደረስኩባት። ጠዋት ነበር። ፊቴን ታጥቤ፣ ፎጣውን አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ ወደ ሳሎን ስገባ፣ የጠረጴዛውን ላስቲክ በመዳፏ ጠራርጋ፣ ቢጫዎቹን ክኒኖች እንደ እህል ለቀማ በአንድ ጣቷ ወዲህና ወዲያ እየገፋች ሦስት ቦታ ከምራቸዋለች። አንዱ ክምር ለራሷ ጉሮሮ ነው። አንዱ ታች ቤት ለምትኖረው ልብስ ሰፊ ነው፤ ጥርሷን ያማታል። ሦስተኛውና ትልቁ ለእህቴ ሆድ ነው። መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ፍርድ እንደሚሰጥ ሰው ነው የምታካፍለው። አንድ ፍሬ ከራሷ ክምር አንስታ ወደ እህቴ ክምር ስትገፋ ሳይ አንጀቴን በላችው። አክስቴ ስስታም አይደለችም። እኛ ቤት በስስት የሞተ ሰው የለም፤ ተካፍለን ነው ያለቅነው።

ዛሬ ሐኪሙ ለእህትሽ የሚያዝላትም ይኸንኑ አይደል፣ አለችኝ ቀና ሳትል። ቤት ውስጥ ያለን ነገር ምን ያስገዛናል፣ ዋጋውም እንደሆን የቤት ኪራያችን እኩሌታ ነው። ሦስቱንም ክምር በእጄ ጠርጌ የሥራ ልብሴ ኪስ ውስጥ ከተትኳቸው። ጣቷን እንደቀሰረች ቀረች። መጀመሪያ አላመነችኝም፤ ቀጥሎ ፊቷ ጠቆረ፤ ከዚያ ከቁጣዋ አብልጬ የምፈራውን ነገር አደረገች፣ ሳቀች። ሐኪማችን ዛሬ በግራ ጎኗ ነው የተነሣችው አለች። ሐኪማችን የሚለው ስም የወጣልኝ በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር። እናቴ ክኒኖቹን ያተረፈችው ለእኛ አስባ እንደሆነ፣ ያስቀመጠችውን፣ ሞተች ብሎ መጣል ግፍ እንደሆነ፣ ሟች የተወው መድኃኒት ደግሞ እንደማይበላሽ ነገረችኝ። እኔም ምላሴ አያርፍምና፣

«እሷን መቼ አዳናትና ነው?» አልኳት።

ከማእድ ቤት የውሃው ቧንቧ ሲንጠባጠብ ይሰማል። ቀና ስል እህቴ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማለች፤ ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም። የእናቴን ሹራብ ለብሳለች፤ እሱስ ይሁን፣ እኔን ያስደነገጠኝ እጇ ነው። ቀኝ እጇን ጨብጣ ከጎድኗ በታች፣ እናቴ በምትይዝበት ቦታ፣ እናቴ በምትይዝበት አያያዝ፣ አውራ ጣቷን ወደ ውስጥ ከታ ይዛለች። እናቴ ከሞተች አራት ወር ሆኗታል። እህቴ ይህን አያያዝ ማንም አላስተማራትም። ሕመሙ ራሱ ነው ያስተማራት፤ ያው ሕመም፣ ያው ቦታ፣ ያው ጡጫ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክሊኒክ እንዳትረሺ አልኳት። እሺ አለችኝ። ከክሊኒኩ በፊት ምንም ክኒን እንዳትውጪ አልኳት። እሱንም እሺ አለች። እህቴ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ፀጉር ቤት ትሠራለች፣ ከተወለደች ጀምሮ የሰጠኋትን ሁሉ እሺ ብላ የዋጠች ልጅ ናት።

የምሠራው የሆድ ባክቴሪያ የሚበቅልበት ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። በወረቀት የጽዳትና የዕቃ ማምከን ሠራተኛ ነኝ። በተግባር ግን ባክቴሪያው የሚበላውን የማበስልለት እኔ ነኝ፤ ዱቄቱን መዝኜ፣ በውሃ በጥብጬ፣ በእንፋሎት አምክኜ፣ ሲቀዘቅዝ የፈረስ ደም ጨምሬ፣ ሳህን ሳህን ላይ የማፈሰው እኔ ነኝ። ዲፕሎማ ያላቸው ልጆች ደሙን ገና ትኩስ ሳለ ይጨምሩታል፤ ደሙ ይበስልና ሳህኑ ቡናማ ይሆናል፤ ከዚያ ባክቴሪያው አልበቅል አለ ብለው ስብሰባ ይጠራሉ። የእኔ ሳህን ቀይ ነው። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራም ነው። ትምህርት ቤት ያልጨረሰ ሰው በራሱ ካልኮራ ማን ሊኮራለት ነው? ማታ ማታ የጣሏቸውን ወረቀቶች ከቅርጫት አውጥቼ እያነበብኩ፣ የማላውቀውን ቃል በማስታወሻ እየጻፍኩ፣ ሁለት ዓመት ውስጥ በዚያ ክፍል የሚወራው ነገር ሁሉ ገብቶኝ ነበር። ጨጓራ ውስጥ፣ እሳት በሚመስለው አሲድ መሃል፣ የሚኖር ጠመዝማዛ ተሕዋስ አለ። ከሰው ልጅ ጋር ሺህ ዓመታትን ኖሯል። ሰው ሲሰደድ አብሮ ይሰደዳል፣ ሲጋባ አብሮ ይጋባል፤ የሚተላለፈውም አብዛኛውን ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከአፍ ወደ አፍ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሕዝብ የራሱ አለው፣ እያንዳንዱ ቤትም የራሱ አለው። እናቴ እህቴን ስታሳድግ ምግቡን በአፏ አላምጣ ነበር የምታጎርሳት። እኔንም እንደዚያው።

ግድግዳው ላይ ትልቅ ሠንጠረዥ ተለጥፏል። በአግድም የሕዝቦች ስም ነው፦ የወደቡ ሰዎች፣ የማዕድን መንደሩ፣ ከባሕር ማዶ መጥተው የሰፈሩት፣ የመጠለያ ጣቢያው፣ በመጨረሻ የኛው የኮረብታው ሰፈር። በቁም የመድኃኒቶቹ ስም ነው። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን የሚገድል ከሆነ ሳጥኑ አረንጓዴ ይቀባል፣ የማይገድለው ከሆነ ቀይ። የወደቡ ሰዎች ቀይ በቀይ ናቸው፤ መርከብ መድኃኒት ሲያራግፍላቸው ኖሮ በየሱቁ እንደ ከረሜላ ይሸጥላቸዋል። የኛ ሰፈር ክላሪትሮማይሲን በሚባለው፣ አክስቴ ጠዋት ስታካፍለው በነበረው ቢጫ ክኒን ረድፍ፣ ደማቅ አረንጓዴ ነው። የኮረብታው ሰዎች ድሆች ስለሆኑ ክላሪትሮማይሲን አያውቁም ተብሎ ነው የተጻፈው። ክሊኒኩም ለእያንዳንዱ ታማሚ ሳህን እስኪበቅል መጠበቅ ስለማይችል ሠንጠረዡን አይቶ ያዛል፤ ከየት ነሽ ይላል፣ ከኮረብታው፣ ቢጫውን ውሰጂ። የሳህን ውጤት ወደ ታማሚው አይመለስም። ሳህን ቁጥር እንጂ ስም የለውም።

አራት ሰዓት ላይ መነጽር የእህቴን ሳህን አወጣው። መነጽር የምንለው ቴክኒሻኑን ነው፤ ሁለት መነጽር በአንድ ጊዜ ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሦስተኛውን የሚፈልግ ሰው። ከማሞቂያው ሣጥን ሳህኖቹን አንድ በአንድ እያወጣ፣ አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ደግሞ የማንን ሆድ ነው የምናየው ይለኛል፤ የሚስትህን እለዋለሁ፤ እሷ ሆድ የላትም፣ ሁሉንም ነግራኝ ጨርሳለች ይለኛል። በየቀኑ የምንለው ነው። ዛሬ የመለስኩለትን አላስታውስም። ከማሞቂያው የሚወጣው ወበቅ ፊቴን መታኝ። ያ ሣጥን ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ነው፣ የሰው ገላ ሙቀት፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር አንድ ሰው አጠገቤ የተነፈሰ ይመስለኛል። አራት ወር ሙሉ የማን ትንፋሽ እንደሆነ ስለማውቅ በሩ ሲከፈት ፊቴን አዞራለሁ።

ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ። የእህቴ ቁጥር ነው። ናሙናውን ከክሊኒክ ይዤ የመጣሁት ራሴ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ። ሳህኑ ቀይ ነው፣ የኔ ቀይ፤ በላዩ ላይ ባክቴሪያው እንደ ጤዛ፣ እንደ እስትንፋስ ቀጭን ሆኖ በቅሏል። በመሃሉ መድኃኒት የተነከሩ ክብ ወረቀቶች ተቀምጠዋል፤ መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ በወረቀቱ ዙሪያ ምንም የማይበቅልበት ባዶ ቀለበት ይወጣል። ቴትራሳይክሊን ዙሪያ ሰፊ ቀለበት አለ። አሞክሲሲሊን ዙሪያም አለ። ሜትሮኒዳዞል ዙሪያ የለም። ክላሪትሮማይሲን ዙሪያ የለም፤ ጤዛው እስከ ወረቀቱ ጫፍ ድረስ ሄዶ፣ ተደግፎት፣ ተንተርሶት ተኝቷል። መነጽር አፉን አጣመመና፣ እቺ ደግሞ ከወደብ ተሳስታ የመጣች ናት እንዴ አለ፤ ቁጥሩን ጻፈና ወደሚቀጥለው ሳህን አለፈ።

ከወደብ አይደለችም። ከኔ ናት። ከዚህ በፊት የሠራሁት ፋርማሲ ውስጥ ነበር፣ ወለል እጠርጋለሁ። እየጠረግሁ የሚባለውን እሰማለሁ፤ ለሳል ይህን፣ ለተቅማጥ ያን፣ በቀን ሁለቴ፣ በቀን ሦስቴ። ሽፋኑ የተገነጠለ የመድኃኒት መጽሐፍም ከመጋዘን አግኝቼ ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። ባለቤቱ ፓኮው የተቀደደበትን ወይም ቀኑ ሊያልፍ የደረሰውን ክኒን በሳንቲም ይለቅልኝ ስለነበር ቤታችን የታመመ ሰው ሐኪም ጋ መሄድ አቆመ። እናቴን ሳል ሲይዛት ሦስት ቀን ክላሪትሮማይሲን ሰጠኋት፣ ሲሻላት አቆምኩና የተረፈውን ለእህቴ ቶንሲል አስቀመጥኩ። እህቴን ቶንሲል ሲይዛት ሁለት ቀን፤ የተረፈው ለአክስቴ። ሆድ ሲያመን ሜትሮኒዳዞል፣ አንድ ቀን ተኩል፣ እስኪቆም ድረስ። ለሰባት ዓመት እንዲህ ኖርን። ማንም አልሞተም፤ እናቴ ሰው በመጣ ቁጥር፣ ልጄ ሳትማር ተማረች እያለች ታሳየኝ ነበር። ሦስት ቀን የተሰጠው መድኃኒት ደካማውን ባክቴሪያ ገድሎ ጠንካራውን እንደሚያስተርፍ፣ የተረፈውም ሁለተኛ እንደማይደነግጥ፣ ያ የተገነጠለ መጽሐፍ ላይ ሳይኖር አይቀርም። የተገነጠለው ገጽ ላይ ይሆናል። ሰፈራችን ክላሪትሮማይሲን የማያውቅ ሰፈር ነበር። እኛ ቤት ግን አስተማሪ ነበረበት።

ሠንጠረዡ የሚሞላበት ጥናት ሰው ሲፈልግ የሚቀበለው አንቲባዮቲክ ወስደው የማያውቁትን ብቻ ነው፤ መድኃኒት ያልነካቸው ይሏቸዋል። ላልነካቸው በጉሮሮ ገብቶ ጨጓራን የሚያየው የካሜራ ምርመራ በነጻ ይደረግላቸዋል። እናቴ ሆዷን ስትይዝ አንድ ዓመት ሞልቷት ነበር፤ የካሜራው ዋጋ ለኛ የሚታሰብ አይደለም። ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ። ከዚህ በፊት አንቲባዮቲክ ወስደው ያውቃሉ ከሚለው ጥያቄ ፊት ለፊት፣ በሚያምረው ጽሕፈቴ፣ ወስደው አያውቁም ብዬ ጻፍኩ። ለእህቴም ከወር በፊት እንደዚያው ጻፍኩ። ውሸት መሆኑን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። የድሃ ውሸት ማንን ይጎዳል ብዬ ነው።

ማንን እንደሚጎዳ ያየሁት የእናቴን ሳህን መነጽር ባወጣው ቀን ነው። ቁጥር አንድ መቶ አሥራ ስምንት። ጤዛው እስከ ወረቀቱ ጫፍ ድረስ ተንተርሶ ተኝቶ ነበር። እናቴ በሠንጠረዡ መሠረት ቢጫውን ክኒን መውሰድ ከጀመረች ስድስተኛ ቀኗ ነበር። አየሁት። ሁለቴ አየሁት። ሳህኑ ተበላሽቶ ነው አልኩ፤ እኔ የሠራሁትን ሳህን፣ ተበላሽቶ ነው አልኩ። ብናገር ቅጹ ይወጣል፤ ቅጹ ሲወጣ ሥራዬ ይሄዳል፣ ስሜም። ማታ ቤት ስገባ እናቴ ተሽሎኛል አለችኝ፤ ለአሲዱ የሚሰጠው ክኒን ሕመሙን ስለሚያደበዝዘው ነው። በዘጠነኛው ቀን፣ የቀረው ለሌላ ይሁን ብላ አቆመች። ጨርሺው አላልኳትም፤ እንደማይሠራ አውቅ ነበርና ምን ብዬ ልበላት? ከሰባት ሳምንት በኋላ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ደም አስመልሳ ወደቀች። የጨጓራዋ ቁስል የደም ሥሩን በልቶት ነበር። እሷ ተቀበረች። አንድ መቶ አሥራ ስምንት ግን ከምሠራበት ክፍል አጠገብ ባለው ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከዜሮ በታች ሰማንያ ዲግሪ፣ በሕይወት አለ። ቢያወጡትና የኔን ሳህን ቢሰጡት ይበቅላል። እህቴ ሆድ ውስጥም አለ። አንዳንድ ቀን፣ አሥር ሰዓት ገደማ፣ እናቴን ይጀምራት በነበረበት ሰዓት፣ እኔንም ከጎድኔ በታች አንድ ነገር ቀስ ብሎ ያቃጥለኛል፤ እጄ ወደዚያ ሲሄድ ይዤ እመልሰዋለሁ።

ስድስት ሰዓት ላይ ለምሳ እንወጣለን። ዳቦዬን እጠረጴዛው ላይ ትቼ ወደ ድሮው ፋርማሲ ሄድኩ። መንገዱን በሙሉ እያሰብኩ የሄድኩት ነገር ቀላል ነበር። የሚሠራውን መድኃኒት አይቼዋለሁ፤ ቴትራሳይክሊን ነው። እገዛለሁ፣ ለእህቴ ቤት ውስጥ እሰጣታለሁ፣ የክሊኒኩን ቢጫ እጥላለሁ፣ ማንም ምንም ሳያውቅ ትድናለች። ቅጹ እንደተከደነ ይቀራል። ሥራዬም፣ ሐኪማችን የሚለው ስምም። ፋርማሲው እንደ ድሮው ነው፤ መስታወቱ ተሰንጥቆ በፕላስተር ተይዟል፣ ሚዛኑ ላይ ድመቷ ተኝታለች። ባለቤቱ ሲያየኝ ፊቱ በራ። ምነው ጠፋሽ፣ ወለሉ እንኳ ናፍቆሻል አለኝ። ቴትራሳይክሊን አለህ ወይ አልኩት። አለ አለኝ፣ ለአንቺ ያልሆነ ለማን፤ ከኋላው መደርደሪያ አወረደና መቀሱን አንስቶ ጠበቀኝ።

«ስንት ፍሬ ልቁረጥልሽ?»

ስንት ፍሬ። ሰባት ዓመት ሙሉ ለዚህ ጥያቄ ሳላመነታ መልስ ነበረኝ፤ ስድስት፣ አራት፣ ዛሬ ስምንት አድርገው፣ እንግዳ አለብን። አሁን ግን መቀሱን እያየሁ፣ የሚበቃው ስንት እንደሆነ፣ ከምን ጋር እንደሚሰጥ፣ በቀን ስንቴ፣ ስንት ቀን፣ አንዱንም እንደማላውቅ ተረዳሁ። የማውቀው እንዴት እንደሚሞት እንጂ እንዴት እንደሚድን አልነበረም። ባለቤቱ በትዕግሥት መቀሱን እያንቀጫቀጨ ይጠብቀኛል። አጠገቤ የቆመች ሴት፣ ልጇን አዝላ፣ ለእኔ ሦስት ስጠኝ፣ አንድ ቀን ነው የሚያስለው አለችው። ፋርማሲው ውስጥ ያለው አየር ድንገት ሞቀኝ፤ የማሞቂያው ሣጥን በር የተከፈተ መሰለኝ። ይቅር አልኩትና ወጣሁ።

የቤተ ሙከራው ኃላፊ ምሳዋን ቢሮዋ ውስጥ ነው የምትበላው፣ ቆማ፣ መስኮቱ ጋ። ቀጭን፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ናት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከእኔ ጋር የተነጋገረችው ስለ ሳህን ብቻ ነው፣ አንድ ቀንም ሳህኖቹ ቆንጆ ናቸው ብላኝ ነበር፤ ያን ቀን ቀኑን ጭምር አስታውሰዋለሁ። ዶክተር፣ የማዋይዎት ነገር አለኝ አልኩ። ቁሚ አላለችኝም ተቀመጪም አላለችኝም። ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ እህቴ ናት አልኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የማይሠራ መድኃኒት ሊጀምሩላት ነው። ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ፣ ውሸት ነው አልኩ። ሹካዋን አስቀመጠች። ማኅደሩን አወጣችና ብዕሯን ይዛ፣ እህቴ የወሰደችውን ከመጀመሪያው ጀምሮ እንድነግራት ጠየቀችኝ። ነገርኳት። በየትኛው ዓመት፣ ለምን፣ ስንት ቀን፣ ስንት ፍሬ። ትዝታዬ ጥሩ ነው፤ በዚያም እኮራ ነበር። አንድ ገጽ ሞላ፣ ሁለተኛውን ገለበጠች። የእናቴን ደግሞ ሳትጠይቀኝ ጀመርኩ። እናቴ በክረምት፣ ሦስት ቀን። እናቴ የአጎቴ ሠርግ ሰሞን፣ ሁለት ቀን። እየተናገርኩ ሳለ እናቴ በየገጹ እየተነሣች፣ እጇን እየዘረጋች፣ ውሃ እየተጎነጨች፣ ጎበዝ ልጄ እያለች አየኋት። ኃላፊዋ ሁሉንም ጻፈች። ቀና ስትል ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«የእናትሽን ሳህን አይተሽው ነበር?»

«አይቼዋለሁ።»

«መቼ?»

«በስድስተኛው ቀን።»

ብዕሯን አስቀመጠች። በመስኮቱ የትምህርት ቤት ልጆች ጫጫታ ይገባል። ከዚያ ስልኩን አነሣችና ወደ ክሊኒኩ ደወለች፤ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድን በስሟ ጠራቻት፤ ቢጫው እንዳይጀመርላት፣ ቴትራሳይክሊን ያለበት አራት ዓይነት መድኃኒት ለአሥራ አራት ቀን፣ አንድም ሳይጎድል እንዲታዘዝላት፣ በኋላም ተመልሳ እንድትታይ። ስልኩን ዘግታ፣ እኔም እንደምመረመር ነገረችኝ፤ አክስቴም። ከነገ ጀምሮ ወደ ሳህን ክፍሉ እንዳልገባ፣ ስለ ሥራዬ ከእሷ በላይ ያሉ ሰዎች እንደሚወስኑ ነገረችኝ። ከዚያ ማርከርና ጨርቅ ይዛ ወደ ሠንጠረዡ ሄደች። በኮረብታው ሰፈር ሥር፣ ክላሪትሮማይሲን ሳጥን ውስጥ፣ መድኃኒቱ የማይሠራላቸው ከመቶ አሥራ ሁለት የሚለውን ጠርጋ ከመቶ አሥር ብላ ጻፈች። እናቴ ከጥናቱ ስትወጣ ሰፈሩ ጤናው ተሻለው። ይኸው ነው። ወደ ስድስት ወር ሙሉ ስለ ኮረብታው ሰዎች ሁሉ ስትመሰክር የነበረችው እናቴ በአንድ ጨርቅ ተጠረገች፤ ትክክልም ነው፣ ያ ሳጥን ስለ ሰፈሩ እንጂ ስለ እኔ አልነበረም።

ክሊኒኩ ከቤተ ሙከራው አሥራ አምስት ደቂቃ ነው፤ ሮጥኩ። እህቴ ከፀጉር ቤቱ በቀጥታ መጥታ፣ እጇ ላይ የፀጉር ቀለም እንዳለ፣ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ሐኪሙ ቀድሞ ጠርቷታል፤ መድኃኒቱንም እዚያው ሰጥተዋታል፤ ኃላፊዋ ምን እንዳለቻቸው አላውቅም፣ ክፍያ አልጠየቋትም። ጉልበቷ ላይ አራት ፓኮ ተደርድሯል። ለምንድን ነው የተቀየረው ብላ ጠየቀችኝ፤ ሐኪሙ ስልክ ተደወለልኝ ነው ያለኝ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከፊት ለፊታችን አንድ ሽማግሌ የመድኃኒት ወረቀቱን እንደ ማራገቢያ እያራገበ ያንቀላፋል። ሁሉንም ነገርኳት። ፋርማሲውን፣ የሦስት ቀኑን፣ የሁለት ቀኑን፣ ቅጹን። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሳልቸኩል፣ እሷ ፊቷን ሳታዞር። ስጨርስ ከጣቷ ላይ ቀለሙን ልትፍቅ ሞከረች፤ አይለቅም።

«እማዬ ታውቅ ነበር?»

«አታውቅም።»

«አንቺስ?»

የቢሮው ጥያቄ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ምንም አልነበረም። ሳህኑን ነገርኳት። ከስድስተኛው ቀን ጀምሮ አውቅ እንደነበር፣ ሰባት ሳምንት ሙሉ አብሬያቸው ራት እየበላሁ እንደማውቅ። አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። ቀስ ብላ፣ ሰው ሲያልፍ ቦታ እንደምትለቅ፣ አግዳሚው ላይ ከእኔ ራቅ አለች፤ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። ያን ስንዝር እስከ ዛሬ ድረስ እለካዋለሁ።

ሐኪሙ የመጀመሪያውን እዚያው እንድትውጥ አዟት ነበር። ውሃ ላመጣልሽ አልኳት። ራሷ ተነሥታ ከኮሪደሩ ጥግ ቀድታ መጣች። ክኒኖቹን ልስጥሽ ብዬ እጄን ስዘረጋ ፓኮዎቹን ወደ ራሷ ሰበሰበቻቸው። የመጀመሪያውን ከፈተች፤ ውስጡ ስምንት ጊዜ የታጠፈ ቀጭን ወረቀት አለ፣ የደቀቀ ጽሑፍ። ዘረጋችውና ማንበብ ጀመረች። እህቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆመችው፤ የሱቅ ምልክት እንኳ እኔን ነበር የምታስነብበኝ። በጣቷ መስመሩን እየተከተለች፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ ቃል በቃል፣ ፊደል በፊደል ታነባለች። ከምግብ በፊት። ከወተት ጋር አይወሰድም። ሽማግሌው ነቅቶ ያዳምጣታል። ሦስተኛው መስመር ላይ አንድ ረጅም ቃል ገጠማትና ቆመች፤ ከመጀመሪያው ጀመረች፣ እንደገና እኩሌታው ላይ ቆመች። ቃሉን አውቀዋለሁ። አፌ ውስጥ ሙሉ ሆኖ ተቀምጧል። ጣቷ እዚያው ቃል ላይ እንዳለ ቀና ብላ አየችኝ፤ እርዳታ ፈልጋ አልነበረም፣ እንዳልናገር ነው። ከንፈሬን ነክሼ ዝም አልኩ። ዝቅ ብላ ሦስተኛ ጊዜ ከመጀመሪያው ፊደል ጀመረች።